የታጠበው ሉህ

ውድ አክስቴ ሁሪያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። ይህን ደብዳቤ ጎረቤታችን አማን ሐራ ከተማ ሲደርስ በእጅዎ ይሰጥዎታል፤ ልጅዎ ሉብና ታንብብልዎት። ሉብና፣ እባክሽ ምንም ሳታስቀሪ አንብቢላቸው፣ እኔን የሚያሳፍረውንም ጭምር።

ከተማችን መርሳ እንደሚያውቋት ናት። ብርቱካኑ አብቧል፤ ማለዳ በሩን ስከፍት ሽታው ቀድሞኝ ይገባል። እርስዎ ከሄዱ አምስት ወር ሆነ። አንዳንዴ ገና ሳልነቃ የመጥረጊያዎ ድምፅ ከግቢ ይሰማኛል። ዓይኔን ስገልጥ የጎረቤት ነው።

የአሮጌ ዕቃ አባዜዬን፣ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደጉኝ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ወልዲያ ውስጥ ለሰብሳቢዎች አሮጌ ዕቃ የሚሸጠው ወዳጄ ዓለምነህ፣ ብርህን በዕቃ አስቀምጥ፣ ዕቃ ቁጭ ባለበት ዋጋው ይጨምራል ካለኝ ጀምሮ ያገኘሁትን ስለቅም ኖርኩ። ጠገራ ብር፣ የእግር አልቦ፣ የማይናገር ራዲዮ። የእኔ አልጋ ሥር ሲሞላ አንዱን ሳጥን ወደ እርስዎ አልጋ ሥር አሻገርኩት። ሰው በሬ ይገዛል፣ አንተ ዝገት ትገዛለህ እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

የቁርአን መጻፊያውን ሉህ ያመጣሁ ቀን ግን አልሳቁም። የገዛሁት ውርጌሳ ካለው ከኡበይደላ ነው። አያቱ ሸኽ ነበሩ፤ በዚያ ጣውላ ላይ ለተማሪዎቻቸው ለደረሶቹ ቁርአን ይጽፋሉ፣ ይነበባል፣ ይታጠባል፣ እንደገና ይጻፍበታል። የመጨረሻውን ትምህርት ጽፈው ሳይታጠብ ሞቱ። ከዚያ ስልሳ ዓመት ጣሪያ ሥር ተቀመጠ። ዓለምነህ ፎቶውን በስልክ አይቶ፣ ጽሑፉ ሳይነካ ስለቆየ ከአዲስ አበባ የሚመጣ አንድ ሰብሳቢ እጥፍ ድርብ እንደሚከፍልበት ነገረኝ። እኔም መቋቋሚያ እንድትሆነኝ የሰጡኝን ጊደር ሸጬ ገዛሁት።

ጊደሯ የት ሄደች ብለው ሲጠይቁኝ ሉሁን አሳየሁዎት። ለትርፍ ነው ማለት አፈርኩ። ለበረካ ብዬ ነው አልኩዎት። ተቀብለው ግንባርዎን አስነኩት፤ ዓይንዎ እንባ አቀረረ። አልሐምዱሊላህ፣ ልብ ገዛህ አሉኝ። ጊደሯን ዳግመኛ አላነሷትም።

ከዚያ ወባው ጣለኝ። የሐኪም ቤቱ ኪኒን ሆዴ ውስጥ አልረጋ አለ። ሦስት ቀን የት እንደነበርኩ አላውቅም። ትዝ የሚለኝ ቤቱ ወንዝ ሆኖ፣ እኔ ከሥር ተኝቼ፣ ጥቁር ፊደሎች ከበላዬ እንደ ዓሣ ቀስ እያሉ ሲያልፉ ነው። ከዚያ እጅዎ ከአንገቴ ሥር ገባ፤ ኩባያው ከንፈሬን ነካ። ውኃው ጥላሸት ጥላሸት፣ ሙጫ ሙጫ ይል ነበር። ቢስሚላህ በል ልጄ አሉኝ። እስከ ዛሬ እንደዚያ የጣፈጠኝ ውኃ የለም።

ስነቃ ሉሁ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ባዶውን ነበር። በሽተኛ ሲጠናበት የሉህ ጽሑፍ በውኃ አጥቦ ማጠጣትን እኛ አገር የማያውቅ ማን አለ? እርስዎ ያደረጉት ለበረካ በተገዛ ነገር የሚደረገውን ነው። እኔ ግን ያልኩትን ያስታውሳሉ። ሉብናም ትስማው፤ "ብሞትም እሱን ባይነኩት ይሻለኝ ነበር" አልኩዎት።

ሉሁን ከመስኮቱ አንስተው አጠገቤ አኖሩት።

"ከዚህ ቤት ዕቃ ሁሉ ውዱ አንተ መስለኸኝ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። በማግሥቱ ሉብና ዘንድ ሐራ ሄዱ።

እኔም አክስቴ ሀብቴን በውኃ አጠቡት እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ለበረካ ነው ብዬ መዋሸቴን ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። የተናደድኩት በእርስዎ አልነበረም። ውሸቴን እንደ እውነት ስላመኑኝ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ሰብሳቢው ከዓለምነህ ጋር መጣ። ከሳጥኖቹ ጠገራ ብሮቹንና አልቦውን መርጦ ገዛ። በመጨረሻ ሉሁን አንስቶ ወደ ብርሃን አዘነበለው፤ ገለበጠው፣ በፎቶ ያየውን ፈለገ።

"ጽሑፉ የት ሄደ?" አለኝ።

"ጠጣሁት" አልኩት።

ዓለምነህ ሳቀ። እኔ ግን ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ያ ወንዝ፣ ያ የእጅዎ ሙቀት ተመልሶ መጣብኝና እንባዬ ፈሰሰ። ሰውዬው ለባዶው ጣውላም ዋጋ ሰጥቶኝ ነበር። አልሸጥኩትም።

ዓይንዎን እያመመዎት እንደሆነ አማን ነግሮኛል። ትናንት ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ሉሁን ይዤ ሸኽ አብዱልሐሊም ዘንድ ሄድኩ። ለማስቀመጥ ከሆነ አልጽፍበትም አሉኝ። ለመታጠብ ነው አልኳቸው። ለማን ነው ሲሉኝ፣ "ለእናቴ" አልኳቸው። በዚህ ስም ጠርቼዎት አላውቅም፤ ሳላስበው ነው የወጣው። እሳቸውም ብዕራቸውን ቀለም ነክረው ጀመሩ።

ጁምዓ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ። ንጹሕ ሳህን ብቻ ያስቀምጡልኝ፤ አጥቤ የማጠጣዎት እኔ ነኝ። ከዚያ ወልዲያ ሐኪም ቤት እወስድዎታለሁ፤ የጠገራ ብሮቹ ዋጋ ለዚያ ተቀምጧል። አልጋዎ ሥር የነበረውን ሳጥን አውጥቼ ቦታውን ጠርጌዋለሁ። አብረን ወደ ቤት ብንመለስ ደስታዬ ነው። እምቢ ካሉኝም አውፍ ብለው፣ ይቅር ብለውኝ፣ ውኃውን ይጠጡልኝ።

ልጅዎ፣
ሂሻም