ስክሪኑ ላይ የወጣው የዘሃራ ቃል

ጥቅምት 12፣ መካነ ሰላም

ዛሬ አለቃዬንም ራሴንም ተጸየፍኩ። ከዓረብ አገር የተመለሱ ሴቶች የደረሰባቸውን በምስጢር የሚያመለክቱበትን ድረ ገጽ በፓይተን የኮምፒውተር ቋንቋ ሠርቼ ጠዋት ዋናው ሰርቨር ላይ ጫንኩት። ስህተት ሲፈጠር የውስጡን ሁሉ ገልጦ የሚያሳየውን የሙከራ ሁነታ ግን ገና አላጠፋሁትም ነበር።

"አንድ ሰዓት ይስጡኝ" አልኳቸው አለቃዬን።

"አብሽር፣ ማን ያየዋል? ለምረቃው የመጡት እንግዶች ተቀምጠዋል፤ ክፈተው።"

ከፈትኩት። አዳራሹ ውስጥ አለቃዬ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ሲነኩት ገጹ ተበላሸ። ትልቁ ስክሪን ላይ ከስህተቱ መልእክት ሥር ከተመላሾቹ የአንዷ፣ የዘሃራ፣ ስም ወጣ፤ አሠሪዋ ያደረጋትም በራሷ ቃል ተዘርዝሮ ነበር። ለመሞከሪያ ብዬ በወረቀት የሰጠችኝን እውነተኛ ማመልከቻዋን ያስገባሁት እኔ ነኝ። እሷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከአባቷ ጋር ተቀምጣለች። ገመዱን እስክነቅል አባቷ አንብበው ጨርሰው ነበር።

አለቃዬ ፈገግ ብለው "ዋናው ሥራ መጀመሩ ነው" አሉና ፎቶ አስነሡን። እኔም አብሬ ቆሜ ተነሣሁ።

ከሰዓት በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ አባቷ ናቸው። አልተቆጡም።

"ለእኔ ያልነገረችኝን ላንተ የነገረችህ አምናህ ነው" አሉኝ።

ከኋላቸው ዘሃራ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ እየከተተች ነበር። ቀና ብላም አላየችኝ።