በር ላይ የተሰቀለው ጉንጉን

ናይሮቢ፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፱፻፸ ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለእታገኘሁ። እንደምን ከርመሻል? እኔና ልጄ ሠርክ፣ ከናፍቆትሽ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

ሰሞኑን ቤታችን በወረቀት ቁራጭ ተሞልቷል። ከጎረቤታችን ከራሂማ ጋር በአሮጌ ካላንደር የገና ካርድ እንሠራለን። ራሂማ «በእናንተ በዓል የእኔ ጣት ማለቁ ነው» እያለች ትስላለች፤ እኔ እቆርጣለሁ። ሠርክ ደግሞ ትምህርት ቤት እንዳሳዩዋት የጥድ ቅርንጫፍ ጎንጉና፣ ቀይ ሪባን አስራ በራችን ላይ ሰቀለችው። የፈረንጅ ወግ ነው ብዬ ተውኳት።

ትናንት ከሞያሌ ዕቃ የሚያመላልሰው ፈድሉ መጣ። ደጃፉ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆመና፣ «እትዬ፣ እግዜር ያጽናሽ» አለኝ።

መቀሱ ከእጄ ወደቀ። «ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ምኑን? የለቅሶ አበባ በር ላይ ሰቅላችሁ የለም እንዴ?»

ራሂማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ተቀምጬ ነው። ፈድሉ ሲወጣ ጉንጉኑን አወረድኩት። ሠርክ እስካሁን አኩርፋለች።

ከሠራናቸው ካርዶች አንዱን ልኬልሻለሁ። ባለፉት ደብዳቤዎችሽ አንቺ ዘንድ ያለው ልጄ ይገዙ የላከልኝ ሰላምታ የተጻፈው በአንቺ እጅ ነበር። ሥራ በዝቶበት ይሆናል። የካርዱን ጀርባ ባዶ ትቼዋለሁ። ስሙን ብቻ በራሱ እጅ ይጻፍበትና መልሰሽ ላኪልኝ። ለበዓሉ ሌላ ስጦታ አልፈልግም።

ደጅሽን ሰላም ያድርገው፤ በደህና ያገናኘን።

እህትሽ ስኂን