«አየሁልሽ» ለሚሉኝ ክቡር ሊቀመንበር

ለክቡር አቶ ከፍያለው፣
የአሪቻ ከዋክብት ኅብረት ሊቀመንበር፣ በሥራ ሰዓትም የቅርብ አለቃዬ፤
ዲላ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ስለ ጤናዎ፣ በተለይም ስለ ዓይንዎ ጤና፣ አጥብቄ እጠይቃለሁ። የእኔን ደኅንነት ግን እዚህ አልዘረዝርም፤ እርስዎ የማያውቁት የእኔ ነገር ስለሌለ ጊዜዎን ማባከን ይሆንብኛል። ደብዳቤውን በኅብረታችን የቴሌግራም ገጽ ላይ በግልጽ ያወጣሁትም ደፋር ሆኜ ሳይሆን፣ ከእርስዎ ተደብቄ የምጽፍበት ቦታ ስላጣሁ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ለማስረዳት ያህል፣ በአንድ ኮሌጅ የምንሠራ አሥራ አንድ ሰዎች በስልካችን የጠፈር ጦርነት ጌም እንጫወታለን። እያንዳንዳችን የየራሳችን ፕላኔት አለን፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጨለማ ነው፤ ጨለማው የሚገለጠውም መመልከቻ ማማ ላቆመ ሰው ብቻ ነው። እኔ ዓመት ሙሉ ለፍቼ ሰባት ማማ አቁሜአለሁ። እርስዎ ሁለት ነበርዎት።

ባለፈው መስከረም ከእንግሊዝኛ በራስዎ ብዕር የተረጎሙትን «የጋራ ራዕይ ስምምነት» ላኩልኝ። ምን ልጠርጥር? ራዕይ የሚባለውን ነገር የማውቀው ከቢሯችን በር ላይ ነው፤ ከተልዕኮና ከእሴት ጋር በመስታወት ተለብጦ ስድስት ዓመት ተሰቅሎ ሲኖር ማንንም ጎድቶ አያውቅም። የላብራቶሪው ቦናም «ራዕይ ነው ካሉሽ ፈርሚ፣ ምን ያስፈራሻል?» ብሎ አበረታታኝ። ፈረምኩ። ለካ የእርስዎ ራዕይ ማየት ኖሯል፤ እኔ የማየውን ሁሉ እርስዎ ያያሉ፣ እርስዎ የሚያዩትንም እኔ አያለሁ፤ ችግሩ እርስዎ የሚያዩት እኔን ብቻ መሆኑ ነው።

ቅሬታዎቼን በአክብሮት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በሰሜን በኩል ሦስት ሳምንት ፈልጌ ውሃ ያላት አንዲት ትንሽ ፕላኔት አግኝቼ ነበር። በእናቴ መንደር ስም ባንኮ ብዬ ሰየምኳት። ሰፋሪዎቼን ጭኜ መንገድ ሳላጋምስ የእርስዎ መንኮራኩሮች ቀድመው ሰፈሩባትና «አየሁልሽ» ብለው ጻፉልኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ አፌን የፈታሁት በጌዴኦኛ ነው፤ አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ቢሆንም «አየሁልሽ» እና «አየሁብሽ» አንድ እንዳልሆኑ ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ አውቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በሥራ ሰዓት ተጫውተሻል ብለው የቃል ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። አልክድም፤ አንዲት መንኮራኩሬ ነዳጅ አልቆባት ነበር። ማስረጃ ስጠይቅም በዚያው ሰዓት ቢሮዎ ውስጥ የከፈቱትን የራስዎን ጌም አሳዩኝ፤ ለግልጽነትዎ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ መውጫ የለኝም። ስምምነቱ ሁለታችንም ካልተስማማን አይፈርስም፤ በኅዳር ወር ያቀረብኩት የማፍረሻ ጥያቄ ዛሬ በሚያዝያም «ጉዳይሽ እየታየ ነው» ይላል። ክቡር ሆይ፣ የእኔ ሁሉ ነገር ይታያል፤ የማይታየው ጉዳዬ ብቻ ነው። ከኅብረቱ ልውጣ እንዳልል የወጣ አባል ፕላኔት ለቀሪዎቹ ይከፋፈላል የሚለውን አንቀጽ አራት ያስገቡት እርስዎ ነዎት። ቢሮዬም ከቢሮዎ ፊት ለፊት ነው፤ መካከላችን ያለውን መስታወት «ለግልጽ አሠራር» ብለው ያስገጠሙትም እርስዎ ነዎት። ጌም ነው፣ ምን ያንገበግብሻል የሚሉኝ አሉ። ያንገበግበኛል። ከቀኔ ውስጥ ማንም የማያዘኝ፣ የእኔ የምለው ነገር እሱ ብቻ ነበር፤ አሁን እዚያም ስገባ እርስዎ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል።

ሌሎችም ቅሬታዎች ነበሩኝ፤ ነገር ግን ሳስባቸው ሳያዩዋቸው አልቀሩም ብዬ ተውኳቸው።

ይሁን እንጂ በእኔ ዓይን ላይ የጣሉትን እምነት ሳላመሰግን ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ሀሴት ካየችልኝ ይበቃኛል ብለው ሁለቱን ማማዎችዎን አፍርሰው፣ በብረታቸው ባንኮ ላይ ቤተ መንግሥት አሠርተዋል። ሲያምር አይቻለሁ፤ በስምምነታችን መሠረት።

ስለዚህ እኔም ከስምምነቱ አንዲት ቃል ሳልጥስ ትናንት ከምሳ በኋላ ሰባቱን ማማዎቼን አንድ በአንድ አፈረስኳቸው። የመጨረሻዋን ስነካ፣ አልዋሽዎትም፣ አልቅሻለሁ። አሁን ምንም አላይም። ማን እንደሚመጣብኝም አላውቅም። እርስዎም በውላችን መሠረት እኔ የማየውን ያያሉ። ቢሮው በር ላይ ተጽፎ የኖረው የጋራ ራዕይ ይኸው በመጨረሻ እውን ሆነልን፤ እንኳን ደስ ያለዎት።

ከመስታወቱ ወዲያ ማዶ፣ በዓይንዎ ሥር መዋልን እንደ እንጀራዬ የቆጠርኩ ታዛዥዎ፣
ሀሴት ሙሉካ

ግልባጭ፦
ለሚመለከተኝ ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ የመጨረሻዋ ማማ ከመፍረሷ በፊት፣ ወደ ባንኮ የሚያቀኑ ብዙ የጠላት መንኮራኩሮች አሳይታኝ ነበር። በዚያ ሰዓት እርስዎ ወንበርዎ ላይ ሸለብ አድርጎዎት ስለነበር፣ በመስታወቱ በኩል አይቼ መቀስቀሱን እንደ ነውር ቆጠርኩት። ስንት እንደሆኑና መቼ እንደሚደርሱ ብነግርዎት በወደድኩ፤ ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ አላየሁልዎትም።