ስለ ጎረቤቴ የሙቅ ውሃ ገንዳና ከመኝታ ቤቴ እንድወጣ ስለተጻፈልኝ ደብዳቤ

ለተከበሩ የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የተቀመጡበት ወንበር እንደምን ከርሟል? እኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ቆርቆሮ እመታለሁ። ይህንንም ደብዳቤ ልጄ ልጻፍልህ ብትለኝ እምቢ ብዬ በገዛ እጄ እየጻፍኩ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ስለሆነ ለተጣመመው መስመር ይቅርታዎን፤ ከግድግዳዬ ግን አይብስም።

ባለፈው ሳምንት በጻፉልኝ ደብዳቤ፣ ጎረቤቴ ለሙቅ ውሃ ገንዳ በሚያስቆፍረው ጉድጓድ ምክንያት መኝታ ቤቴ ስለተሰነጠቀ፣ «አፈሩ እስኪረጋጋ» ከክፍሉ እንድወጣ አዘዋል። ለደኅንነቴ እንዲህ መጨነቅዎን ሳነብ ሆዴ ባባ። አፈሩ ግን ሰው እስኪነካው ድረስ አርባ ዓመት ተረጋግቶ ነበር።

ጎረቤቴን አልከስም። የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ሠላሳ ዓመት መሪ ይዞ ወገቡ አለቀ፤ ሐኪሙ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተዘፍዘፍ ብሎታል፣ ይዘፍዘፍ። ቅሬታዬ ከእርስዎ ጋር ነው፤ እንደ ደንቡ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. በመኖሪያ ግቢ ስለሚቀበር ገንዳ የአፈር ምርመራና ግንባታ ያወጣችሁትን መመሪያ ሦስት ሳምንት ፈጅቼ አንብቤዋለሁ። ወርቅ የሆነ መጽሐፍ ነው። ጉድጓዱ ከጎረቤት ግድግዳ ቢያንስ የጥልቀቱን ያህል ይራቅ ይላል። ይህኛው ጉድጓድ ከቁመቴ ይበልጣል፤ ከግድግዳዬ የሚርቀው አንድ እርምጃ ነው። ፈቃዱ ላይ ማኅተምዎ ክብ ብሎ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ጽፎ ያለማንበብ ትሕትና ከእርስዎ በቀር ከማን ይገኛል?

፪ኛ. መሐንዲስዎ የአፈር መውጊያ መሣሪያቸውን ይዘው ጎረቤቴ ግቢ ሲመጡ፣ ጎማው ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ ደረቅ ቦታ መርጠው እዚያው ወጉ። ያ ቦታ የተፈጥሮ አፈር አይደለም። ግቢው ከመታጠሩ በፊት፣ ሟች ባለቤቴ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ጭቃው ጫማዋን እየነጠቀ ቢያስቸግራት፣ ጥቁሩን አፈር እስከ ደረቴ ቆፍሬ አውጥቼ፣ ገረጋንቲ ጠጠር በጋሪ አመላልሼ የሞላሁላት መንገድ ነው። ይህንኑ በአጥሩ ላይ አንገቴን አውጥቼ ብነግራቸው፣ «አባባ፣ እርስዎ ይረፉ፣ መሣሪያው ያውቃል» አሉኝ። ገረጋንቲው ሳያልቅ መሣሪያቸውን መዘዙና «ጠጠራማ፣ ጠንካራ፣ ውሃ የሌለው አፈር» ብለው ጻፉ። ባለቤቴ ብትኖር ምንኛ በኮራች! ለጫማዋ ብዬ የሠራሁት መንገድ የሰፈሩ መሬት ሆኖ ተመዝግቦላታል።

፫ኛ. ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ጉድጓድ ስቆፍር የኖርኩ ሰው ነኝና መሣሪያ አላስፈለገኝም። መጽሐፋችሁ ከገንዳው ሥር ጠጠርና የውሃ ማስወገጃ ቱቦ ይደረግ ይላል። አልተደረገም። ባዶ ገንዳ ውሃ ከሥር ሲገፋው እንደ ጀልባ ይነሣል፤ ጎረቤቴ ደግሞ ሾፌር እንጂ መርከበኛ አይደለም።

እንግዲህ ከክፍሉ አልወጣም። ባለቤቴ ድንጋይ እያቀበለችኝ የሠራሁት ክፍል ነው፤ ያረፈችውም እዚያው፣ እጄን ይዛ ነው። ግድግዳውን በሁለት ግንድ ደግፌዋለሁ። በራሴ ግቢም፣ ከቤቱ ራቅ ብዬ፣ አራት ቀን ፈጅቼ የራሴን የምርመራ ጉድጓድ ቆፍሬያለሁ፤ እስከ ደረቴ ጥቁር አፈር ነው፣ ከሥሩ ውሃ አቁሯል። መሰላል አስቀምጫለሁ፤ ይምጡና ይውረዱ። ኮንክሪቱ ሐሙስ ይሞላል ተብሏል። እስከዚያ ካልመጡ፣ ሐሙስ ጠዋት ወንበሬን ይዤ ከጎረቤቴ ጉድጓድ ውስጥ እቀመጣለሁ። እሱን አስፈቅጄዋለሁ፤ «አንተ ግትር ሽማግሌ፣ ብቻህንማ አትቀመጥም፤ ወገቤ ከቻለ እኔም እወርዳለሁ» ብሎኛል።

ማኅተምዎ ቀለም እንዳያጥረው፣ ዓይንዎም ከማኅተሙ በላይ ያለውን ጽሑፍ ለማየት እንዲበቃ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከአንድ የተሰነጠቀ ግድግዳ ጋር፣

ጉድጓድ ቆፋሪው፤
ከመኝታ ቤቱ

ሳልረሳው፦ ያለብኝን ዕዳ ራሴ እከፍላለሁ። የቆፈርኩትን ጉድጓድ፣ መጽሐፋችሁ እንደሚለው፣ ስንዝር በስንዝር እየጠቀጠቅሁ እመልሳለሁ። ስንጥቁን ያየሁ ዕለት ጎረቤቴን ለሰደብኩት ስድብ፣ ሰው ባለበት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ልጄን ስላስቀየምኳት የሚቀጥለውን ደብዳቤ እሷ ትጽፈዋለች። ለባለቤቴ እጠግነዋለሁ ብዬ ዐሥራ አንድ ዓመት ያቆየሁትን መስኮት በዚህ ወር እጠግናለሁ። ለመሥሪያ ቤታችሁ ግን ዕዳ የለብኝም። የተቀመጡበትን ሕንፃ መሠረት የቆፈርኩት እኔ ነኝ፤ የዚያን ጊዜው አለቃ ይበቃል ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ ገና ነው አልኩት፤ ሰማኝና አንድ ክንድ ጨመርን። ወንበርዎ እስከ ዛሬ ሳያዘም የቆየው በዚያች አንድ ክንድ ነው።