ከማዋለጃ ክፍላችን ፊት ለፊት ስላለው ለምለም ሳር

ለተከበሩ የውሃ አገልግሎት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከጤና ጣቢያችን ማዶ ላለው የጎልፍ ሜዳ ሳር ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። የሳሩን ጤንነት በየማለዳው ከመስኮቴ ስለምመለከተው የሚያሰጋኝ ነገር የለም፤ እርስዎም ባለፈው ስብሰባ ላይ እንዳየሁዎት ፊትዎ ወዝ አለው፤ ስለዚህ ምኞቴን ለወጉ ያህል ይቀበሉልኝ።

እኔ በዚሁ ጤና ጣቢያ ጠጉሬ የሸበተ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ደብዳቤውን በአደባባይ የምጽፈው፣ ጥያቄ ያለው ሰው በጽሑፍ ያቅርብ ብለው እርስዎ ራስዎ ስላዘዙ ነው። ከዚህ ቀደም ከጻፍናቸው አብዛኞቹ ጠረጴዛዎ ላይ ከመድረሳቸው በፊት መንገድ እየጠፋባቸው ስለተቸገሩ፣ ይህኛው እንኳ ቢጠፋ አይቼዋለሁ የሚል ሰው እንዲገኝ ብዬ ለሁሉም አሰራጭቼዋለሁ። ቅሬታ መጻፍ ስለሰለቸኝ በምትኩ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አሰናድቻለሁ።

፩. ስለ ፈረቃው አመሰግናለሁ። ዝናቡ ከቀረ ወዲህ ውሃ በፈረቃ ይዳረስ ሲባል ከመካከላችን ያጉረመረመ አልነበረም፤ ሰማዩን ሁላችንም እናየዋለን፣ ሰው ሲቸግረው መካፈል ያውቃል። ነገር ግን የእኛ ፈረቃ መጀመሪያ ወደ ማግስቱ፣ ቀጥሎ ወደ ሳምንቱ፣ በመጨረሻም «እናሳውቃችኋለን» ወደሚባለው ቀን ሲዛወር፣ የማዶዎቹ ውሃ መርጫዎች ፈረቃ የሚባል ነገር መኖሩን የነገራቸው ያለ አይመስልም። ማለዳ ይሽከረከራሉ፤ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓትም ይሽከረከራሉ፤ ነፋስ ሲያግዛቸው ደግሞ አጥሩን ተሻግረው አስፋልቱን ያጠጡታል። አስፋልቱ እስካሁን አልበቀለም፤ እንክብካቤው ከቀጠለ ግን ተስፋ አንቆርጥም።

፪. ስለ ልብስ ሰፊዋ አመሰግናለሁ። እርስዎ ስለማያውቋት ልንገርዎት። ከጤና ጣቢያችን ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ከባሏ ጋር አንድ ጠዋት መጣች። ባሏ ቀለም ቀቢ ነው፤ የጀመረውን ግድግዳ ጥሎ ስለመጣ ክንዱ ላይ ያለው ቀለም ገና አልደረቀም ነበር። ቧንቧውን ከፈትኩት፤ አየር ተነፈሰ። የግቢያችን ታንከር ከእሷ በፊት በወለዱት አልቆ ነበር። እናም ባልየውንና የጽዳት ሠራተኛችንን ጄሪካን አስይዤ ወደ ጎልፍ ሜዳው በር ሰደድኳቸው፤ የቅርቡ ውሃ እዚያ ነበርና።

ባልየው ዘበኛውን፣ «ወንድሜ፣ ባለቤቴ ምጥ ይዟታል፤ አንዲት ጄሪካን ብቻ» አለው። ዘበኛው ክፉ ሰው አይደለም፤ የእሱም ልጆች የተወለዱት በእኔ እጅ ነው። «በኔ ቢሆንማ አሁኑኑ እቀዳልህ ነበር፤ ቆይ ልደውል» ብሎ ወደ ውስጥ ደወለ። ከውስጥ የመጣው ትእዛዝ፣ ለጎልፍ ውድድር እንግዶች እየገቡ ስለሆነ ባልዲና ጄሪካን የያዘ ሰው ሜዳው አካባቢ እንዳይታይ የሚል ነበር። ዘበኛው ይህን ሲያደርስ አንገቱን ደፍቶ እንደነበር የጽዳት ሠራተኛችን ነግራኛለች። ባልየው አልተሳደበም፤ አልለመነም፤ መርጫው አጥር ተሻግሮ አስፋልቱ ላይ ያፈሰሰውን፣ ወደ ቱቦ ሲወርድ፣ ተንበርክኮ በጄሪካኑ ክዳን ይቀዳ ጀመር።

እሱ እዚያ ተንበርክኮ ሳለ ልጁ ተወለደች። ሕፃኗ ደህና ነበረች። የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣም፣ ደም አልቆም አለ። ክቡርነትዎ የውሃ እንጂ የወሊድ ባለሙያ ስላልሆኑ ላስረዳ፦ እንዲህ ሲሆንና አምቡላንስ ሲዘገይ አዋላጅዋ እጇን አስገብታ ማውጣት አለባት። ጓንት አለን። ነገር ግን ጓንት የሚለበሰው እስከ ክርን በታጠበ እጅ ነው፤ ሴትዮዋም መታጠብ አለባት። ባልየው ያመጣው ውሃ የመኪና ዘይት ይሸታል። ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ የሚጠጣ ውሃ የያዘ ሰው እንዲሰጠኝ ለመንኩ። መድኃኒት ሊውጡ የተቀመጡ ሽማግሌ የያዙትን ዘረጉልኝ፤ ልጇን ለክትባት ያመጣች እናትም የያዘችለትን ሰጠችኝ። በዚያች ጠብታ ታጥቤ ገባሁ፤ ደሙም ቆመ።

ከቀናት በኋላ ትኩሳት ይዟት ተመለሰች። ወደ ሆስፒታል ላክናት፤ ሕይወቷ ተረፈ፤ ማሕፀኗ ግን ወጣ። ውድድሩ በዚያው ሳምንት በሰላም ተጠናቀቀ፤ ሜዳው እንከን እንዳልተገኘበት በዜና ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ አለዎት።

፫. ስለ መልስዎ አመሰግናለሁ። ይህንኑ ጽፈን ላመለከትነው፣ ችግሩ «የአየር ንብረት ለውጥ ያስከተለው ዓለም አቀፍ ክስተት» እንደሆነና «ሁላችንም እኩል ተጎጂዎች» እንደሆንን ገልጸውልናል። ከደብዳቤው ጋርም «እያንዳንዷ ጠብታ ዋጋ አላት፤ ተጠቅመው ሲጨርሱ ቧንቧውን ይዝጉ» የሚል ያማረ ፖስተር ልከውልናል። ከቧንቧው በላይ ለጥፈነዋል። ምክሩን እያከበርን ነው፤ ስንከፍተውም ስንዘጋውም ያው ነው።

፬. ስለ ስብሰባው ደግሞ የተለየ ምስጋና አለኝ። ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ ውሃ ቁጠባ እንድንወያይ የጠሩን እዚያው ጎልፍ ክበብ አዳራሽ ውስጥ ስለነበር፣ ያን በር በእድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በክብር አለፍኩ። አዳራሹ ቀዝቃዛ ነው። በየወንበሩ ፊት የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። የክበቡ ባለሙያ ሳር ሙቀትን እንደሚቀንስ፣ አቧራን እንደሚይዝ፣ ሜዳው ለብዙዎች እንጀራ እንደሆነ፣ ወደፊትም በተጣራ ፍሳሽ ለማጠጣት እቅድ እንዳለ በስዕል አስረዱ። ስለ እንጀራው አልዋሹም፤ ከአትክልተኞቹ መካከል ጎረቤቶቼ አሉ፣ ሥራቸው እንዲዘጋ የምፈልግ ሰው አይደለሁም። ፍሳሹ እስኪጣራ ድረስ ሜዳው ምን እንደሚጠጣ ግን በስዕሉ ላይ አልነበረም። ቀጥለው እርስዎ ተነሡና የአየር ንብረት ለውጥ ሀብታም ከድሃ እንደማይለይ ሲናገሩ ተጨበጨበ።

ያን ጊዜ ቀለም ቀቢው ከኋላ ረድፍ ተነሣ። እኔ ነኝ ይዤው የመጣሁት። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ዝናቡ የቀረው ለሁላችንም ነው አሉ። እሺ። ታዲያ ሳሩ ምን ጠጥቶ ነው?» አለ። እርስዎ ሰዓትዎን ተመለከቱና፣ ስሜታዊ መሆን እንደማያስፈልግ፣ ጥያቄ ያለውም በጽሑፍ እንዲያቀርብ ነግረው ወደ ምሳ ጋበዙን። እሱ ምሳ አልበላም። እኔም ወደ ምሳው አልሄድኩም፤ በየጠረጴዛው ተጀምሮ የተተወውን ውሃ ለቅሜ በዘንቢል ወደ ማዋለጃ ክፍሌ ይዤ ተመለስኩ። አስተናጋጁ አይቶ እንዳላየ ሆነልኝ። በዚያ ውሃ ሁለት እናቶች ታጥበውበታል፤ ስብሰባው ውጤት አልነበረውም የሚልዎ ካለ እኔ እመሰክራለሁ።

፭. በመጨረሻም ስለ ሰጡኝ ሥራ አመሰግናለሁ። ልብስ ሰፊዋ ከሆስፒታል ስትወጣ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ሕፃኗ ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ በዩኒፎርም ጨርቅ ክምር ላይ ተኝታለች። እናትየው እኔን ማጽናናት ያዘች። «ሲስተር፣ እርስዎ እንዳይከፋዎት። ያለውን ውሃ ሁሉ ለእኔ እንዳደረጉ አይቻለሁ» አለችኝ። ከዚያም ከእንግዲህ እንደማትወልድ ለባሏ እናት እኔ እንድነግርላት ለመነችኝ፤ እሷ አፌ እንቢ አለኝ ብላ። አማቷ በሌላው ክፍል ለሁለተኛው የልጅ ልጅ ይሆናል እያሉ ሹራብ ይሠሩ ነበር። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። ሹራቡን አጣጥፈው ጉያቸው ውስጥ ከተቱት። «እሷስ ትኖርልን» ብቻ አሉ።

ክቡር ሆይ፣ ያን መልእክት ማድረስ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ሥራ ነበር። ወደፊት ተመሳሳይ ጉዳይ ሲያጋጥም አንድ ባለሙያ ይመድቡልኝ፤ ከኮሙኒኬሽን ክፍሉ ቢሆን ይመረጣል፣ ቃላት አያጥራቸውም።

የአየር ንብረት ለውጥን እኔም አውቀዋለሁ። በበጋ እየጠና የሚመጣውን ሙቀት፣ በሙቀቱ ተዝለፍልፈው የሚመጡትን ነፍሰ ጡሮች ከእርስዎ ይልቅ እኔ አያቸዋለሁ። ይሁን እንጂ የአየር ንብረት ለውጥ የቫልቭ ቁልፍ በኪሱ ይዞ አይዞርም። ዝናቡን የከለከለን እሱ ይሆናል፤ የተረፈችውን ውሃ ወደ ማዶ ያዞራት ግን ሰው ነው፤ ደመወዝ የሚበላ፣ ማኅተም ያለው፣ የሚጨበጨብለት ሰው። ድርቁ ጎዳናውን ተሻግሮ አጥሩ ጋ ሲደርስ የሚቆመው ተፈጥሮ አጥር ስለምታከብር አይደለም።

የምለምንዎት ሳሩ ይድረቅ ብዬ አይደለም። ከሳሩ በፊት የሚወልዱ ሴቶች ይጠጡ፣ ይታጠቡ፤ ይኸው ነው። ይህ ከባድ ከሆነ ደግሞ ማዋለጃ ክፍላችንን በሳርነት ይመዝግቡልን፤ ወለሉን አረንጓዴ ለመቀባት ቀለም ቀቢው ፈቃደኛ ነው።

ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት እንደ ቧንቧችን ሳይቋረጥ የሚፈስ መሆኑን በትሕትና እየገለጽኩ፣ ረጅም ዕድሜን፣ ለምለም መስክን፣ አንድ ቀን ደግሞ በእኛ ወረፋ መቀመጥን እመኝልዎታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ አጣጥፌ ፖስታ ውስጥ ሳስገባ በድንገት ውሃ መጣ። የጽዳት ሠራተኛችን እልል አለች፤ ያገኘነውን ዕቃ ሁሉ ይዘን ተሯሯጥን፤ እኔም ስለ እርስዎ የጻፍኩትን ልቀድደው አስቤ ነበር። ታንከሩ ሳይጋመስ ግን የመሥሪያ ቤትዎ ባለሙያ መጡና፣ መስመር ሲቀያይሩ ሳያውቁ የእኛን እንደከፈቱት ነግረውን፣ ለተፈጠረው ስህተት ከልብ ይቅርታ ጠይቀው ዘግተውት ሄዱ። በጣም ጨዋ ሰው ናቸው፤ እድገት ይገባቸዋል።