«ሣር አይጎዳም ብለህ ጻፍልኝ» ላልሽኝ

ይድረስ ለልጄ፣ ለጥይቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንደምን ከረመ? አንቺንና ጉልበትሽን ለየብቻ መጠየቅ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እናትሽ «ምነው፣ ጉልበቷን ሌላ ሰው አስመሰልከው» ትለኛለች። ደረጃ ስትወርጂ ይሰማሻል? ሲበርድ ይቆረጥምሻል? እንቅልፍሽስ፣ ምግብሽስ? አብራሽ የምትኖረው የቡድናችሁ በረኛ አሁንም ሳህን ሳታጥብ ትተኛለች ወይስ አደብ ገዛች? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ደም ግፊት ወርዷል፤ ከፍ የሚለው እኔ ቤት ስገባ ብቻ ነው ትላለች። የእህትሽ ልጅ መሄድ ጀምሯል፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ ይወድቅና ማን እንዳየው ዞር ዞር ብሎ ካጣራ በኋላ ነው የሚያለቅሰው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የተጫዋቾች ማኅበራችሁ በሚቀጥለው ወር ከሊጉ ሰዎች ጋር ሊቀመጥ መሆኑን፣ የምትጫወቱበት ሜዳ ፕላስቲኩ ተነሥቶ ሣር ይተከልልን ልትሉ መሆኑን፣ አንቺም ተናጋሪ ሆነሽ መመረጥሽን ሳነብ ደስታዬን የምይዝበት ጠፋኝ። ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ። ወረድ ብዬ ግን «አባዬ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሣር ያሳደግህ ሰው ነህ፤ ሣር ተጫዋች እንደማይጎዳ በእጅህ ጻፍልኝ፣ ስብሰባው ላይ አነበዋለሁ» የምትለዋ ጋ ስደርስ መነጽሬን አወለቅሁ። የጠየቅሽኝ ቀላል ነገር ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን በአንድ ትንፋሽ እጽፈው ነበር። አሁን ግን አራት ወረቀት አበላሸሁ። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ፤ እኔው ራሴ ግራ ስለገባኝ ትንሽ ብዞር ታገሺኝ።

መጀመሪያ እስካሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። የኛም ስታዲየም ሣር ተነሣ። ፕላስቲኩ በትላልቅ መኪና ተጠቅልሎ መጣ፣ እንደ ምንጣፍ ተዘረጋ፣ በላዩ ላይ ከአሮጌ ጎማ የተፈጨ ጥቁር ፍርፋሪ ተነሰነሰበት። ፍርፋሪው ኪሴ ውስጥ፣ ካልሲዬ ውስጥ፣ አልጋችን ውስጥ ሳይቀር ይገኛል፤ እናትሽ «ጎማ ጠጋኝ አግብቼ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፣ እሱ እንኳ ማታ ይታጠባል» አለችኝ። ከሥራ አላስወጡኝም። አሁን ሥራዬ በብሩሽ ማሽን ፕላስቲኩን ቀጥ ብሎ እንዲቆም ማበጠር ነው። ዕድሜ ልኬን ሳጭድ ኖሬ በስተርጅና ፀጉር አስተካካይ ሆንኩልሽ።

በተዘረጋ በሦስተኛው ቀን ጠዋት እንደ ልማዴ ቱቦውን ጎትቼ ማጠጣት ጀመርኩ። ምን እያጠጣሁ እንደሆነ የገባኝ ግማሹን ሜዳ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ትኬት ቆራጩ ከበሩ ሆኖ «ጋሼ፣ ለመብቀል ስንት ቀን ይፈጅበታል?» ብሎ ሲጮህ ሠራተኛው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። በሀፍረት ውሃውን ዘግቼ ቱቦውን ስጠቀልል ሥራውን የምትመራው መሐንዲስ መጣችና «ጎሽ፣ ማን ነገረዎት? ቀትር ላይ ስለሚግል ውሃ ማርከፍከፍ ያስፈልጋል፣ ዛሬ ልነግርዎት ነበር» አለችኝ። በስሕተት ትክክል ሆኜ ተገኘሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማውቀው የቱ እንደሆነ፣ የማላውቀውም የቱ እንደሆነ አላውቅም።

ያንቺ ጥያቄ ከመጣ ወዲህማ ያላስቸገርኩት ሰው የለም። የቡድናችን የክንፍ ተጫዋች ቁምጣውን ገልጦ ጭኑን አሳየኝ፤ ፕላስቲኩ ላይ ተንሸራትቶ ቆዳው እንደ ድንች ተልጧል። ይኸው አልኩ፣ ልጄ ልክ ናት። በማግሥቱ ነባሩን ተከላካይ ብጠይቀው ደግሞ «በሣርህ ጊዜ ክረምት በገባ ቁጥር ጭቃ ውስጥ ቁርጭምጭሚቴ ይዞር ነበር፤ ፕላስቲኩን ዕድሜ ይስጥልኝ» አለኝ። ፊት ለፊቴ! የቡድኑን ሐኪም ጠየቅኩት። ጫማውም፣ ድካሙም፣ አካሉም፣ ሜዳውም አለበት፣ አንዱን ነጥሎ ጥፋተኛ ማድረግ ይከብዳል አለኝ። እኔ አንድ መልስ ፈልጌ ሄጄ አራት ጥያቄ ተሸክሜ ተመለስኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር መጥተሽ እዚህ የተጫወትሽው ጨዋታ ሊደረግ ሳምንት ሲቀረው ሜዳው ላይ ትልቅ ስብሰባ ተደርጎ ነበር። የመድረኩ ብረት በግራ በኩል፣ የፍፁም ቅጣት ምት ክልሉ ጠርዝ ላይ፣ አንድ የቤት በር የሚያህል ቦታ ሣሩን ገድሎት ሄደ። መድረኩ በሦስተኛው ቀን ሲነሣ የስታዲየሙ ኃላፊ አይቶ ጨዋታው ወደ ሌላ ከተማ ይዛወር ወይስ ይደርሳል ብሎ ጠየቀኝ። ከጎሉ ጀርባ ከነአፈሩ ቆርጬ ብጥፍበት ሣሩ ሥር እስኪይዝ ቢያንስ ሦስት ሳምንት እንደሚፈልግ ከማንም በላይ አውቃለሁ። የቀረው ግን አራት ቀን ነበር። «ይደርሳል» አልኩት። ለምን አልኩ? የምትመጪው አንቺ ነሻ! ጨዋታው ወደ ሌላ ከተማ ከሄደ እኔና እናትሽ በምን እናይሻለን? ደግሞ ጓደኞችሽ ያንን ገላጣ መሬት አይተው «የአባትሽ ሜዳ ይሄ ነው?» እንዲሉሽ አልፈለግሁም። ጣፍኩት፣ ዳመጥኩት፣ አጠጣሁት፤ ከሩቅ ለሚያየው አይለይም ነበር። ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ እኔው ነኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉትም እንዲህ ያለውን ነው።

ከዕረፍት በኋላ ኳሷን ይዘሽ ወደ ውስጥ ስትዞሪ ወደቅሽ። ማንም አልነካሽም። ቃሬዛው ሲገባ እኔም አብሬ ሮጬ ገባሁ። አጠገብሽ ስደርስ ግን፣ ልጄ፣ ፊትሽን አላየሁም። ያየሁት ከእግርሽ ሥር እንደ ጆሮ የተገለበጠ ቁራጭ ሣር ነው። አንቺን አንሥተው ሲወስዱሽ እኔ እዚያው ቆሜ በጫማዬ ተረከዝ ወደ ቦታው መለስኩት፤ ረገጥኩት፤ አስተካከልኩት። ከዚያ በኋላ ነው ተከትዬሽ የሮጥኩት።

እንዲህ ያደረግሁት ልደብቀው ነው? ይኸውልሽ፣ ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። የሜዳ ሰው የተነቀለ ሣር ካየ ይረግጣል። ዕረፍት በሆነ ቁጥር ሜዳውን እየዞርኩ የምሠራው ይህንኑ ነው፤ መንገድ ዳር እንኳ ካየሁ እግሬ ዝም አይልም። ስለዚህ ልማድ ነው እላለሁ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ፣ አይ፣ ኃላፊው እንዳያይብኝ ፈርቼ ነው እላለሁ። ድንጋጤ ነው የምልበትም ቀን አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔው ግን እያደር ይደፈርሳል።

አንቺ ደግሞ ሆስፒታል ተኝተሽ ለጠየቀሽ ሁሉ «ጉልበቴን ቀድሞ ያላላው እዚያ በክለባችን የምንለማመድበት ፕላስቲክ ነው፣ የአባቴ ሣር ምን አደረገ» ስትዪ ሰማሁ። አላረምኩሽም። ዝም ስል ከረምኩና ማመንም ጀመርኩ። ሊሆንም ይችላል እኮ! ፕላስቲኩ ታኬታውን ጨምድዶ ይይዝና አካል ሲዞር እግር አልዞርም ይላል ብለሽ ጽፈሽልኛል። የኔ መጣፊያ ደግሞ ገና ስትረግጪው ሸሸ። አንዱ አልለቅም ይላል፣ ሌላው ቶሎ ይለቃል፤ ጅማትሽን የበጠሰው የትኛው እንደሆነ ማን ይንገረኝ? ዘጠኝ ወር በክራንች ስትሄጂ በየሳምንቱ ስልክ ደውዬልሽ ይህን አንድ ነገር ሳልነግርሽ ቀረሁ። አፍሬ ነው። ይቅር በዪኝ።

ትናንት ለእናትሽ ነገርኳት። «አይቼሃለሁ እኮ፣ ከላይ ተቀምጬ ሣር ስትረግጥ አይቼሃለሁ» አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው ኖራለች። ድንጋጤ መስሏት እንደነበረ፣ አሁን ግን የመጣፊያውን ነገር ስትሰማ ለሷም ግራ እንደገባት ነገረችኝ። ከዚያ እራት አቀረበችልኝና በላን።

ለማኅበራችሁ የጻፍኩት ወረቀት በዚሁ ፖስታ ውስጥ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ሠላሳ አንድ ዓመት የእግር ኳስ ሜዳ ሣር ተንከባክቤያለሁ። ሣር ይጎዳል ወይም አይጎዳም ብዬ መማል አልችልም። ሥር ያልያዘ ሣር ላይ ጨዋታ እንዲደረግ ይደርሳል ብያለሁ፤ ልጄ ጉልበቷን የተጎዳችው እዚያ ላይ ነው።» ፈርሜበታለሁ። የሊጉ ሰዎች ይህን ከሰሙ ይኸው ሣርም ይሰብራል ብለው መልሰው ይመቱሽ ይሆናል። የኔም ኃላፊ ይሰማ ይሆናል። ለማን እንደሚጠቅም አላውቅም፤ አንብቢው ወይም ቅደጂው፣ ያንቺ ነው። ሌላ ነገር ለመጻፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች፤ ጉልበትሽን በሱፍ ሸፍነሽ እንድትተኚ አደራ ብላለች። እህትሽ ትስምሻለች፤ ልጇ ፎቶሽን እየላሰ አበላሽቶታልና ሌላ ላኪለት። ትኬት ቆራጩ «የሣሩ ባለቤት ልጅ ሰላም ነሽ ወይ» ብሎሻል። ለበረኛዋ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ሳህኑን ግን አታጥቢላት። ለቤት አከራይሽና ጉልበትሽን ለሚያክሙሽ ሐኪምም ምስጋናዬን ንገሪልኝ፣ እጃቸው ይባረክ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽና ልጨርስ። ሐኪሙን ጠይቄያለሁ፣ ተጫዋቾቹን ጠይቄያለሁ፣ ሁለት ዓመት ያልጠየቅሁት አንቺን ብቻ ነው። ያን ቀን ስትዞሪ መጀመሪያ የከዳሽ ጉልበትሽ ነው ወይስ መሬቱ? የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ስልክ ግን አትደውዪ። ከደወልሽ «ምንም አይደል አባዬ» ትዪኛለሽ፣ እኔም ድምፅሽን ከሰማሁ አምንሻለሁ። በወረቀት ጻፊልኝ።

አባትሽ

ከስታዲየሙ የዕቃ ክፍል
ሐሙስ፣ መጋቢት 11 ቀን