ስድስት ዙር ወደ ቀኝ

ደሴ፣ የካቲት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኢንሻራህ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰው ለልጁ ሲጽፍ «እንደምን ከርመሻል?» ብሎ ይጀምራል። እኔም እንደዚያ ብዬ ጀምሬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ጥያቄውን ጽፌ ስጨርስ እጄ አልታዘዝ ይለኛል። ስለዚህ በሰላምታው ልለፈው፤ አንቺ ባትመልሺው መላእክት ይመልሱታል ይባላል።

ስልክሽን በቀን አምስት ጊዜ፣ ከየሶላቱ በኋላ እሞክራለሁ። የቴሌዋ ሴትዮ ጥሪ አይቀበልም ትለኛለች፤ እኔም እሺ ብዬ እዘጋለሁ። በቴሌግራም የጻፍኩልሽም ሁሉ አንድ ምልክት ብቻ ይዞ ቀርቷል። ይህን ደብዳቤ ሀፊዝ ይወስደዋል። ሀፊዝ ከኮምቦልቻ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ መለዋወጫ ከእኔ ሱቅ ነው የሚገዛው። ከዚያ ወዲያ የመን፣ ሁደይዳ ላሉት የአያቴ ዘመዶች የሚያደርስ ሰው አግኝቷል፤ እነሱም የወሎ ልጆች በሚሰበሰቡበት ሁሉ ያስነብቡታል። አያቴ ያንን ባሕር ወዲህ ተሻግሮ ነው ደሴ ገብቶ ሱቅ የከፈተው። አንቺ ከዚያው ሱቅ ተነሥተሽ ወዲያ ሄድሽ።

ሀፊዝ «ፎቶዋን ይስጡኝ፣ ጋሽ እንድሪስ። ምን ለብሳ እንደወጣችም ይጻፉልኝ» አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። አረንጓዴ ሹራብ፣ ጥቁር ሂጃብ ብዬ ጻፍኩለት።

እናትሽ ደህና ናት ልልሽ አልችልም፤ ቆማ ትሄዳለች። ስልኳ ተሰርቆ ነው፣ ሳዑዲ ገብታለች፣ አንድ ቤት ሥራ ይዛለች ብያታለሁ። እሷም ለጎረቤት ይህንኑ ትናገራለች። ረመዳን ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል፤ የክፍልሽን መጋረጃ አውርዳ አጥባ መልሳ ሰቀለችው። «ለዒድ እንኳ ትደውል የለ?» አለችኝ ትናንት። አዎ ትደውላለች አልኳት። ምላሴ መዋሸት ለምዷል፤ የለመደው ደግሞ ባንቺ ላይ ነው።

አሁንም ይከራከሩብሻል። ከሄድሽ በኋላ ይቀራል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ባሰ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሱቁ ፊት ይቆማሉ። ሙንዚር፣ ያ ስኬቲንግ እየቀረጸ በስልክ የሚያሰራጨው የኮምቦልቻ ጎረምሳ፣ «ስሟ ከሥራዋ ይበልጣል» ይላል። «አዲስ አበባ ውድድሩን ያሸነፈችው ዳኞቹ ስሟን ስለሚያውቁ ነው። ወደ ግራ ብቻ ነው የምትሽከረከር። ወደ ቀኝ ስትዞር ያያት ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር» ይላል። ሆጤ ሰፈር ስኬቲንግ ያስተማርሻት ቢልቂስ ደግሞ ትንጨረጨራለች። «የሐረጎን ቁልቁለት ፊቷን አዙራ በጀርባዋ ስትወርድ የት ነበርክ? አንተ በመኪና ስትወርደው እንኳ ዓይንህን ትጨፍናለህ» ትለዋለች። ሰዉ ይስቃል። እኔ ከውስጥ ቁጭ ብዬ ዕቃ የምደረድር እመስላለሁ።

ወደ ግራ ብቻ የመዞርሽን ምክንያት ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ዘጠኝ ዓመትሽ ላይ ያንን ያገለገለ ባለ ጎማ ጫማ ከአዲስ አበባ ሳስመጣልሽ፣ የቀኙ ጎማ የሚዞርበት ኩሽኔታ ያለቀ ነበር። እኔ ኩሽኔታ ነጋዴ ነኝ። ልኩን ፈልጌ መለወጥ የአንድ ቀን ሥራ ነበር። ሕፃን ናት፣ በሳምንቱ ትሰለቸዋለች ብዬ ተውኩት። አንቺ ግን አልሰለቸሽም። ቀኙ እየያዘ ሲያስቸግርሽ በግራ መዞር ለመድሽ፤ አዲስ ጫማ ስታገኚም ሰውነትሽ የለመደውን አልተወም። ሙንዚር የሚነቅፈው ነገር የኔ ስንፍና ነው።

አሁን ደግሞ ስላንቺ በሰው ፊት ያን ለምን እንደተናገርኩ ልናገር።

ከአንቺ በፊት ዐቂል የሚባል ወንድም እንደነበረሽ ታውቂያለሽ፤ እንዴት እንደሞተ ግን ነግሬሽ አላውቅም። ሦስት ዓመቱ ነበር። ሰርግ ላይ ይዤው ሄድኩ። ሸጋ ልጅ ነበር፤ ሴቱም ወንዱም ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ አደነቀው፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘው፣ በአምስተኛው ቀበርነው። ሐኪሙ የነገረኝን ሰምቻለሁ። ልቤ ግን የሰው ዓይን ነው አለ፤ እስከ ዛሬም ይላል። እኔን ራሴን እናቴ እስከ ሰባት ዓመቴ «ውዳቂው» እያለች ነው የጠራችኝ፣ ከዓይን ልትሰውረኝ። አንቺ ስትወለጂ ይህችን ማንም ሲያመሰግናት አልሰማም ብዬ ማልኩ። ቁንጅናሽን ሲያነሱ ጥርሷ ወልጋዳ ነው አልኩ። በትምህርት አንደኛ ስትወጪ ክፍሉ ሰነፍ ነው አልኩ። አንቺም ልጅ ሳለሽ ትስቂ ነበር። መቼ መሳቅ እንደተውሽ አላስተዋልኩም።

ጥቅምት ላይ አሸንፈሽ ስትመለሺ ደሴ ሁሉ ሱቄን ሞላው። ከመጡት መካከል አንድ ሰው ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ ያደነቀው ነገር አይከርምም እየተባለ የሚፈራ ሰው ነው። «አጃኢብ! እንዲህ ያለች ልጅ በወሎ ምድር አልታየችም» አለ፣ ዓይኑን ፎቶሽ ላይ ተክሎ። ወዲያው ደግሞ ሙንዚር ስልኩን ወደ አፌ አስጠግቶ «ልጅዎ ድሉ ይገባታል ወይስ ያለ ልክ ተጋንናለች?» አለኝ። ዐቂል ታየኝ። «ተጋንናለች» አልኩ። «ስሟ ነው የገነነው። ሌሎቹ ስለወደቁ ነው ያሸነፈችው። አባቷ ነኝ፣ እኔ አውቃታለሁ።» ሰውዬው ፊቱን አዞረ፤ እኔም ዳነች ብዬ ተነፈስኩ። በማግስቱ አገር ሁሉ አየው። የአባትየው ምስክርነት ብለው ነበር ያወጡት።

ኅዳር 8 ሱቅ መጣሽ። በር ላይ ቆመሽ «አባ፣ የተናገሩት ከልብዎ ነው?» አልሽኝ። ያ ሰው በዚያች ሰዓት ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ ነበር። አንቺ አላየሽውም፤ አጥብቆ ያይሽ ነበር። ማታ እቤት አስረዳታለሁ ብዬ አሰብኩ። «ከልቤ ነው» አልኩሽ። ራስሽን ነቀነቅሽ፤ «እሺ አባ» ብለሽ ወጣሽ። ማታ አልመጣሽም።

ኮምቦልቻ አክስትሽ ጋ የሄድሽ መሰለኝ። እናትሽ ደውል ስትለኝ «ትኩረፍ፤ ሲበቃት ትመጣለች» አልኳት። ልጅ ሲያኮርፍ አባት ቀድሞ አይደውልም የሚል ነገር ውስጤ ነበር። ማን እንዳስገባብኝ አላውቅም። ለስደት መውጣትሽን የሰማሁት ኋላ ነው።

ባለፈው ሳምንት አብራሽ የወጣችው ጀሊላ ተመልሳለች። እንደሰማሁ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ከስታ፣ ፀጉሯ ረግፎ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። መጀመሪያ ቀና ብላ አላየችኝም። ጅቡቲ፣ ኦቦክ ባሕሩ ዳር ትኩሳት ይዟት ደላሎቹ ይህች ትሞትብናለች ብለው እንደተዋት፣ አንቺ ግን አንድ ሐሙስ ከሰዓት ወደ የመን በምትሻገር ጀልባ እንደተሳፈርሽ ነገረችኝ። ሌሎች ጀልባዎች ደርሰናል ብለው ደወሉ። ከዚያችኛዋ ማንም አልደወለም። ከዚህ በላይ የምታውቀው የለም፤ እኔም ከዚህ በላይ አልጠየቅኳትም።

ከዚያ እሷ ጠየቀችኝ። «ጋሽ እንድሪስ፣ ያ የተናገሩት ሐቂቃ ነበር?» ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው እውነቱን ነገርኩ። ዐቂልንም፣ ሰውዬውንም፣ ሁሉን። ሰምታኝ ማልቀስ ጀመረች። «ባቲ ላይ ሁለት ቀን ቆይተን ነበርኮ» አለች። «እኔ እንሂድ ስላት እሷ ቆይ ትላለች። ስልኳን ከእጇ አላወረደችም። አባ አንድ ጊዜ ከደወሉልኝ እመለሳለሁ አለችኝ፤ ወላሂ።»

ኢንሻራህ፣ እነዚያን ሁለት ቀናት የት እንደነበርኩ ልንገርሽ። ሱቅ ነበርኩ። ስልኬ ከፊቴ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከባቲ እስከ ደሴ የግማሽ ቀን መንገድ አይሞላም። ከዚያ ወዲህ ይህን ሳላስብ ያለፈ ቀን የለኝም፤ የሚያልፍም አይመስለኝም።

ወደ መስጊዳችን ኢማም ሄጄ ሁሉን ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ «እንድሪስ፣ ዓይን ከፈራህ ማሻአላህ ትላለህ። ማሻአላህ ብለህ ልጅህን ማመስገን ስትችል፣ ማዋረድን ማን አስተማረህ?» አሉኝ። አንዲት ቃል ነበረች፤ ከአፌ ጠፍታ የማታውቅ ቃል። ለመኪናም፣ ለእህልም እላታለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ እነ ሙንዚር እንደገና መጡ። «ወደ ቀኝ ስትዞር ያያት ይምጣ» ሲል ከሱቁ ወጣሁ። «እኔ አይቻታለሁ» አልኩ። መስከረም ላይ ያየሁትን ነገርኳቸው። ሙንዚር ክፉ ልጅ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። «አይዘኑብኝ፣ ጋሽ እንድሪስ። እርስዎ ራስዎ የተናገሩት እዚህ አለ» ብሎ ስልኩን ከፈተ። የገዛ ድምፄ ወጣ። አባቷ ነኝ፣ እኔ አውቃታለሁ ይላል። «አሁን ስለሄደችብዎ ነው እንዲህ የሚሉት» አለኝ። ወደ ቢልቂስ ዞርኩ፤ እሷ እንኳ ትመን ብዬ። እጄን ይዛ «አብሽሩ፣ አይዞዎ ጋሼ» አለችኝ። እሷም አላመነችኝም። ገብቼ ሱቁን ዘጋሁ።

ስለዚህ ላንቺ ልናገር፤ ከኔ ሌላ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ለምን እፈራለሁ? ዓይን ከእንግዲህ ከኔ ምን ይወስዳል?

መስከረም ላይ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት ስመለስ በሆጤ በኩል መጣሁ። ሰው አልነበረም። አስፋልቱ ላይ ብቻሽን ነበርሽ። ከቆመ አይሱዙ ጀርባ ተደብቄ አየሁሽ። ወደ ቀኝ ትሞክሪያለሽ፣ ትወድቂያለሽ፤ ትነሻለሽ፣ ትወድቂያለሽ። አሥር ጊዜ ድረስ ቆጥሬ መቁጠሩን ተውኩ። ክርንሽ ሲደማ በሹራብሽ ጠረግሽው። ከዚያ አንዴ ተነሥተሽ እጅሽን ደረትሽ ላይ ሰበሰብሽ፣ በቀኝ ዞርሽ። ስድስት ዙር። ቆጥሬያለሁ፣ ስድስት። ጫማሽ ድምፅ አልነበረውም፤ ኩሽኔታው ንጹሕ ነበር፣ አንቺው ነሽ የለወጥሽው። ስትቆሚ ብቻሽን ሳቅሽ። ያንን ዙር ለኅዳሩ የኮምቦልቻ ትርኢት፣ ለእነ ሙንዚር አስቀምጠሽው እንደነበር ኋላ ገባኝ። በሕይወቴ ያየሁት ትልቁ ነገር እሱ ነው። ስምሽ ከሥራሽ አይበልጥም፤ ሥራሽን ገና አላዩትም። ወጥቼ ላቅፍሽ እግሬን አንሥቼ ነበር። ካቀፍኳት ማመስገኔ ነው ብዬ መለስኩት።

አላህ ካለሽበት ይጠብቅሽ። መሬት ላይ ከሆንሽ መሬቱን ያለስልስልሽ፣ ሰዎች ቤት ከሆንሽ ልባቸውን ያራራልሽ። የትም ብትሆኚ ብርድ አይንካሽ። እኔን ይቅር ባትዪኝ ይገባኛል፤ እናትሽን ግን አንድ ቃል አትከልክያት። ይህን የሚያነብ ማንኛውም የወሎ ልጅ ያየሽ እንደሆነ፣ ወደ ቀኝም ትዞራለች ብሎ ይመስክርልኝ።

አባትሽ
እንድሪስ

ደግሞም፦ ለሀፊዝ ልሰጠው ደብዳቤውን አጥፌው ነበር። መልሼ ሳነበው፣ ያን ሁሉ ሳመሰግንሽ አንድም ቦታ ማሻአላህ አለማለቴን አየሁ። ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ለሞተ ሰው እንዲህ አይፈራም። ስድስት ዙር ካልኩበት አጠገብ፣ ከጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌልሻለሁ። መጀመሪያ እሱን አንብቢ።